የቦርቦን በርሜል ስታውት፦ ከአምስቱ የቱን ልግዛ?

ባለፈው ኅዳር ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ከመጠጥ መደብር ደወለልኝ። «ለእንግዳ ጥቁር ቢራ ልግዛ ብዬ ገብቼ ግራ ገባኝ» አለኝ። «ሁሉም ላይ በርሜል የሚል ተጽፏል። አንዷ ጠርሙስ የስድስት ቢራ ዋጋ ታወጣለች። የቱን ላንሳ?»

እኔም መልሼ ጠየቅኩት። እንግዶቹ ስንት ናቸው? ውስኪ ይጠጣሉ? ጣፋጭ ነገር ይወዳሉ? አላሰበበትም ነበር። በመጨረሻ ስሙ የገነነውን፣ አልኮሉም ከሁሉ ከፍ ያለውን ይዞ ወጣ። እንግዶቹ ብርጭቋቸውን ሳያጋምሱ ተዉት። ቢራው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለእነሱ የሚሆን ስላልነበረ ነው።

ያን ቀን በስልክ ያልጨረስኩትን መልስ እዚህ በሰፊው ልስጥ። አምስት የአሜሪካ ቢራዎችን መርጫለሁ። አምስቱም ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል በቦርቦን በርሜል የተኙ ኢምፔሪያል ስታውቶች ናቸው። ግን አንዱ ከሌላው በጣም ይለያል።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

ስታውት በደንብ ከተቆላ ገብስ የሚጠመቅ ጥቁር ቢራ ነው። አገር ቤት ሐኪም ስታውት የቀመሰ ሰው መነሻውን ያውቀዋል። ኢምፔሪያል የሚባለው ግን ከዚያ በጣም ይከብዳል። ስሙ የመጣው በ18ኛው መቶ ዘመን ከለንደን ወደ ሩሲያ ቤተ መንግሥት ይላክ ከነበረው ጠንካራ ጥቁር ቢራ ነው። ዛሬ ኢምፔሪያል ሲባል ብቅሉ የበዛ፣ አልኮሉ ከፍ ያለ፣ አፍ ላይ የሚከብድ ማለት ነው።

ከዚያ በርሜሉ ይመጣል። በአሜሪካ ሕግ ቦርቦን የሚባለው ውስኪ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። «አዲስ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አንዴ ቦርቦን የያዘ በርሜል ለሁለተኛ ዙር ቦርቦን አይሆንም። ስለዚህ ቦርቦን በብዛት በሚሠራባት በኬንታኪ ግዛት ባዶ በርሜል በየጊዜው ይተርፋል። 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ጣውላው ውስኪ የጠጣ በርሜል። ቢራ ጠማቂዎች ይህን ይገዙታል።

ቢራው ለወራት ሲተኛበት ከእንጨቱ ቫኒላና ኮኮናት የሚመስል ሽታ ይወስዳል። ከከሰለው ግድግዳ የካራሜልና የጭስ ጣዕም ያገኛል። ጣውላው ከጠጣው ውስኪ ደግሞ ሙቀት ይጨመርለታል። በእንጨቱ በኩል ጥቂት አየርም ይገባል። ያ አየር በዝግታ ቢራውን ወደ ዘቢብና ወደ ቴምር ጣዕም ያዞረዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን እንስራውን በግራዋ ያጥቡታል፣ በወይራ ያጥኑታል። ዕቃውን ለማጽዳት ብቻ አይደለም። የወይራው ጠረን ጠላው ውስጥ እንዲቀር ነው። ጭሱ ሲበዛ ግን የጌሾውም የብቅሉም ጣዕም ይጠፋል። እኔ የበርሜል ስታውትን የምመዝነው በዚሁ ዓይን ነው። በርሜሉ ቢራውን ማጀብ አለበት፤ መጫን የለበትም።

በምን እንመዝናቸው?

እኔና ሦስት ጓደኞቼ በሁለት ቅዳሜ አምስቱንም ቀመስን። ጠርሙሶቹን በወረቀት ጠቅልለን ቁጥር ጻፍንባቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጉንጭ ብቻ ቀዳን። መጀመሪያ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ፣ ቀጥሎ ከ40 ደቂቃ በኋላ። ሁለቱ ቅምሻዎች የተለያዩ ቢራዎች እስኪመስሉ ድረስ ይለያያሉ። ቅዝቃዜ ሽታውን ይደብቀዋል፤ መራራውን ደግሞ ያጎላዋል።

ዋናው መመዘኛችን ሚዛን ነበር። ውስኪው፣ እንጨቱና የተቆላው ገብስ አብረው ይሰማሉ ወይስ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል? ቀጥሎ ጣፋጭነቱን አየን። ብዙ ሰው የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጉንጭ ደስ ይላል፤ ብርጭቆው ሳያልቅ ግን ይሰለቻል።

ሦስተኛው አልኮሉ የተያዘበት መንገድ ነው። አምስቱም 11 በመቶና ከዚያ በላይ ናቸው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ሲዋጥ ጉሮሮ ይልጣል ወይስ ደረት ያሞቃል? እሱ ነው ልዩነቱ። 14 በመቶ ሆኖ የሚለሰልስ አለ፤ 11 ሆኖ የሚያቃጥልም አለ።

ዋጋውን በጠርሙስ አትመልከቱ፤ በሚሊ ሊትር አስሉት። ትንሹ ጠርሙስ 355 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 12 አውንስ ነው። ትልቁ 500 ገደማ ነው። አንዳንዱ በአራት ጠርሙስ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ለብቻው። ይህን ሳያዩ ማነጻጸር ያሳስታል። በመጨረሻም ቢራው ስትፈልጉት ይገኛል ወይስ ቀን ጠብቃችሁ ነው የምትገዙት? ይህም ይታሰብ።

የአልኮል መጠንን የጥራት መመዘኛ አላደረግኩትም። ግን ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል። 14.5 በመቶ የሆነ ባለ 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ72 ሚሊ ሊትር በላይ ንጹህ አልኮል አለው። 5 በመቶ የሆነ የአገር ቤት ባለ 330 ቢራ 16.5 ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አንዷ ጠርሙስ ከአራት ቢራ ትበልጣለች። ባለ 355ቷ 11 በመቶ እንኳ ከሁለት ቢራ በላይ ናት። መኪና የሚነዳ ሰው «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» ብሎ ራሱን እንዳያታልል።

ድራገንስ ሚልክ

የዘንዶ ወተት እንደማለት ነው። የሚጠመቀው ሚሺጋን ውስጥ ሆላንድ በምትባል ከተማ ነው። ጠማቂው ኒው ሆላንድ ይባላል። 11 በመቶ ነው። በበርሜል የሚቆየው ሦስት ወር ያህል ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለሚሠራ ማግኘቱ አይቸግርም።

አፍንጫችሁን ስታስጠጉ መጀመሪያ የሚመጣው ቫኒላ ነው። ከዚያ ካራሜል፣ ከዚያ ትንሽ ወተት ያለው ቸኮሌት። ከአምስቱ ቀጠን የሚለው ይኸኛው ነው። መራራነቱ ዝቅ ያለ ነው። አልኮሉ አለሁ አለሁ አይልም። ድክመቱ አጨራረሱ ላይ ነው። ከዋጣችሁት በኋላ ጣዕሙ ቶሎ ይጠፋል። ሲሞቅ ደግሞ ጣፋጭነቱ ይገፋል። ከአራታችን አንደኛ ያለው ሰው አልነበረም። ግን ጠርሙሱ ባዶ የሆነው የእሱ ቀድሞ ነው። ይህንንም እንደ ውጤት ቆጥሬዋለሁ።

ኬቢኤስ

ሙሉ ስሙ ኬንታኪ ብሬክፋስት ስታውት ነው። እሱም የሚሺጋን ነው፤ ከግራንድ ራፒድስ ከተማ፣ ፋውንደርስ ከሚባል ጠማቂ። አልኮሉ 12 በመቶ ገደማ ሲሆን እንደየዓመቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ቡናና ቸኮሌት ገብቶበት ይጠመቃል። በርሜሎቹ አንድ ዓመት የሚተኙት ከከተማዋ ሥር፣ ድሮ ጂፕሰም የሚባል ማዕድን ይወጣባቸው በነበሩ ዋሻዎች ውስጥ ነው። ዋሻው ክረምትም በጋም ቀዝቃዛ ስለሆነ ቢራው በዝግታ ይበስላል።

ቡና ያደግንበት ነገር ነው። ስለዚህ ይህን ቢራ ስንቀምስ ዳኝነታችን ይጠብቃል። አዲስ የሆነውን ጠርሙስ ስንከፍት አንዷ ጓደኛችን ብርጭቆውን አሸተተችና «ቡናው ሊያርር ሲል ያለው ሽታ ነው» አለች። እውነቷን ነበር። ከምጣድ ሊወርድ ጥቂት የቀረው፣ ቤቱን የሚሞላው ያ ጠረን ነው። ከሥሩ ጥቁር ቸኮሌት አለ። ቦርቦኑ መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል፤ ደረት ያሞቃል፤ ይሄዳል።

ነገር ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቡናው አያረጅም ብላችሁ አታስቀምጡት። እኔ አንድ ጠርሙስ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ አስቀምጬ ነበር። ስከፍተው ቡናው የለም። በቦታው የጥሬ ቃሪያ የሚመስል ሽታ መጣ። ያረጀ የቡና ቢራ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። ኬቢኤስን ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን እዩ፤ በገዛችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠጡት። ቀድሞ በዓመት አንዴ ወጥቶ ሰው የሚሻማበት ቢራ ነበር። አሁን በጣም በቀላሉ ይገኛል። ስለዚህ ማከማቸትም አያስፈልግም።

ፓራቦላ

የእኔ ምርጫ ይኸኛው ነው። ከካሊፎርኒያ፣ ከፓሶ ሮብልስ ከተማ፣ ፋየርስቶን ዎከር የሚጠምቀው። አጃ ይገባበታል። አጃው እንደ አጥሚት ልስላሴ ይሰጠዋል። በበርሜል አንድ ዓመት ይቆያል። አልኮሉ እንደየዓመቱ ከ13 እስከ 14 በመቶ አካባቢ ነው።

ሽታው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ጥቁር ቸኮሌት አለ። የደረቀ ቼሪ አለ። ትንሽ ትምባሆ አለ፤ የሚጨሰው ሳይሆን ገና ከፓኮው ሲከፈት የሚሸተው። እንጨቱ ግልጽ ነው፤ ግን መራራ አይደለም። ጣፋጭ ይጀምርና በተቆላ ገብስ መራራነት ይዘጋል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ጉንጭ የሚያምረው። አልኮሉ ያን ያህል መሆኑን ወረቀቱን ስንገልጠው ነው ያመንነው። ከአራታችን ሦስቱ ሳናይ አንደኛ ያልነው እሱን ነበር።

ችግሩ ዋጋው ነው። ትንሿ ጠርሙስ ለብቻዋ ትሸጣለች፤ በሚሊ ሊትር ሲሰላ ከአምስቱ ውድ ከሆኑት ናት። የሚወጣውም በዓመት አንዴ ነው። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። ምሥራቅ ዳርቻ ላለነው ግን መደብሩን ቀድሞ መጠየቅ ይጠይቃል።

ቦርቦን ካውንቲ

ጓደኛዬ የገዛው ይህን ነው። ከቺካጎ፣ ከጉስ አይላንድ። የዚህ ዓይነት ቢራ ታሪክ ሲነሳ ስሙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግሬግ ሆል የሚባለው የጉስ አይላንድ ጠማቂ ጂም ቢም ከሚባለው የቦርቦን አምራች የመጡ በርሜሎችን አግኝቶ ስታውት ሞላባቸው። ያኔ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2011 አንሃይዘር ቡሽ የሚባለው ትልቅ የቢራ ኩባንያ ገዛው። ቢራው ግን አሁንም በየዓመቱ ከታንክስጊቪንግ፣ ማለትም ከአሜሪካ የምስጋና በዓል ማግስት፣ በብላክ ፍራይደይ ይወጣል። ሰዉም በብርድ ተሰልፎ ይጠብቀዋል።

አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ14 እስከ 15 በመቶ ነው። ስትቀዱት እንደ ሞተር ዘይት ዝም ብሎ ይወርዳል። አረፋው ቡናማ ነው፤ ወዲያው ይጠፋል። ብርጭቆውን ስታዞሩት ጥቁሩ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ሽታው ክፍሉን ይይዛል። ቦርቦን፣ ቫኒላ፣ ሞላሰስ፣ ቴምር። አፍ ላይ ጣፋጭ ነው፤ በጣም ጣፋጭ። ከዚያ ውስኪው ይመጣል፤ እስከ ሆድ ድረስ ያሞቃል። አጨራረሱ ረጅም ነው። አንድ ጉንጭ ውጣችሁ ወሬ ጀምራችሁ ጣዕሙ ገና አለ።

ይህ የበርሜል ቢራ ጥግ ነው። ውስኪ ለሚወድ ሰው በዓል ነው። ጥቁር ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው ግን ይከብዳል። እኔ ራሴ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በአንድ ጊዜ አልፈልገውም። ሚዛኑ ወደ በርሜሉ ያደላል። አራት ሆናችሁ አንድ ጠርሙስ ስትካፈሉ ግን የሚወዳደረው የለም።

አሮጌ ጠርሙስ ከሰው ለምትገዙ አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ምርት ከፊሉ በባክቴሪያ ተበክሎ ጎምዝዞ ነበር። ኩባንያው አምኖ ገንዘብ መልሷል፤ ከ2016 ጀምሮም ቢራውን በሙቀት ማከም ጀመረ። 2015 የሚል ካያችሁ እለፉት።

ዘ አቢስ

ከኦሪገን፣ ከቤንድ ከተማ፣ ዴሹትስ የሚጠምቀው ነው። 11 በመቶ ገደማ ነው። ሁሉም በርሜል ውስጥ አይገባም። ከፊሉ በቦርቦን፣ ከፊሉ በወይን በርሜል ተኝቶ በኋላ ይቀላቀላል። ስለዚህ ውስኪው በሩቁ ነው። ሞላሰስና ሊኮሪስ የሚባል ሥር ይገባበታል። ሊኮሪሱ ከእንስላል ጋር ይቀራረባል፤ ኡዞ የማይወድ ሰው አይወደውም። ለማቆየት ግን ጥሩ ነው። ጠማቂው ራሱ ጠርሙሱ ላይ «ከዚህ ቀን በኋላ ይሻላል» የሚል ቀን በማስፈር ይታወቃል።

በአንድ እይታ

| ቢራ | አልኮል (በመቶ) | የበርሜሉ ኃይል | ጣፋጭነት | ዋጋ በሚሊ ሊትር | አገኛኘት |
|---|---|---|---|---|---|
| ድራገንስ ሚልክ | 11 | ለስላሳ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ዓመቱን ሙሉ |
| ኬቢኤስ | 12 ገደማ | መካከለኛ፣ ቡናው ይቀድማል | መካከለኛ | መካከለኛ | ቀላል |
| ፓራቦላ | 13–14 | ጠንካራ ግን የተመጣጠነ | ዝቅ ያለ | ከፍተኛ | በዓመት አንዴ |
| ቦርቦን ካውንቲ | 14–15 | በጣም ጠንካራ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | ከብላክ ፍራይደይ ጀምሮ |
| ዘ አቢስ | 11 ገደማ | ለስላሳ፣ ድብልቅ | ዝቅ ያለ | ከመካከለኛ በላይ | በዓመት አንዴ |

ለማን የቱ?

የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ ድራገንስ ሚልክ ግዙ። ባትወዱት ብዙ አልከሰራችሁም። በአንድ ጥቅል ያሉትን አራቱን ጠርሙስ ለአራት ሰው መስጠት ይቻላል። እኔ በምገዛበት መደብር 20 ዶላር ገደማ የያዘ ሰው ይዞት ይወጣል።

ቡና ወዳድ ለሆነ ሰው ኬቢኤስ፣ ግን አዲሱን። ውስኪ የሚወድ አጎት ወይም አማች ካላችሁ ቦርቦን ካውንቲ ውሰዱላቸው። ሳጥኑም ጠርሙሱም ለስጦታ ያምራል፤ ታሪክ ስላለውም ወሬ ይከፍታል። ብቻዬን ማታ አንዲት ብርጭቆ ለሚል ሰው ፓራቦላ። ትንሿ ጠርሙስ ለሁለት ምሽት አትተርፍም፤ ለአንድ ምሽት ግን ትበቃለች። ልጅ ሲወለድ ገዝቶ ለአንደኛ ዓመት ልደቱ ሊከፍት ለሚያስብ አባት ዘ አቢስ።

በጀቱ ጠባብ ሆኖ ትልቁን መቅመስ የሚፈልግ ሰው አራት ሆኖ ያዋጣ። አንድ ቦርቦን ካውንቲ ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ተራ ቢራ ዋጋ ብዙ አይርቅም። የሚያስፈልገው መጠንም እሱው ነው።

ለጿሚዎች አንድ ማሳሰቢያ። አንዳንድ ስታውቶች ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር ይጨመርባቸዋል። በጾም ወቅት የምትገዙ ከሆነ ጽሑፉን አንብቡ ወይም ሻጩን ጠይቁ።

ሲከፈት

ከማቀዝቀዣ ካወጣችሁት በኋላ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ተዉት። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ሽታው ይከፈታል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። የወይን ብርጭቆ ይበቃል። በብርሌ ልቅዳ ያለ ወዳጅ ነበረኝ፤ ያምራል፣ ግን አንገቱ ስለሚጠብ አፍንጫ አይገባም። ከዚህ ቢራ ግማሹ ደስታ ደግሞ በአፍንጫ ነው።

ከዶሮ ወጥ ጋር አታቅርቡት። ከፍ ያለ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል። ምግቡ ተነስቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ጨዋታው ሲደምቅ ይምጣ። ጥቁር ቸኮሌት ወይም የቫኒላ አይስክሬም አብሮት ቢኖር በቂ ነው። ድፎ ዳቦ ከድራገንስ ሚልክ ጋር ሞክረነዋል፤ ተስማምቶናል።

አገር ቤት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አይሆንም። በሚጫነው ሻንጣ መሀል፣ በወፍራም ልብስና በላስቲክ ጠቅልሉት። ቆሞ ሳይሆን ተኝቶ ቢጓዝም ምንም አይሆንም። እንደደረሰ ግን ጥቂት ቀን አቁማችሁ አሳርፉት።

ጓደኛዬ ዘንድሮም ደወለልኝ። አሁን አጠያየቁ ተለውጧል። «ስድስት ሰው ነን፣ ሁለቱ ውስኪ ጠጪ ናቸው፣ አንዷ ጣፋጭ አትወድም» አለኝ። ድራገንስ ሚልኩን አራቱን፣ ፓራቦላ አንዷን፣ ቦርቦን ካውንቲ አንዷን ውሰድ አልኩት። ቦርቦን ካውንቲዋን መጨረሻ ላይ ክፈታት፤ ከማቀዝቀዣ ግን ራት ሲጀመር አውጣት።